ጮክ ተብሎ ያልተነበበ ዝርዝር

፩

«ጋሼ፣ እኛ እዚህ ውስጥ የለንም።»

ይህን ያለችኝ የዓይን ክሊኒኩ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። የጤና መድን ደብተሬን ይዛ የሐኪም ቤቶች ዝርዝር ያለበትን የኋላ ገጾቹን ታገላብጣለች። ባለቤቴ የሺመቤት ክንዴን ይዛ ቆማለች። የዓይን ግፊት አለባት። ግራው ጠፍቷል፤ ቀኙም ደክሟል፤ ጨርሶ እንዳይከተለው በዚህ ወር ኦፕራሲዮን ትደረግ ተብሏል። ዘጠኝ ዓመት ያከማት ዶክተር ሙሉዓለም በሩን ከፍቶ «እማማ የሺ፣ ይግቡ እንጂ!» ይላል።

ገብተን ምን ልናደርግ? የኦፕራሲዮኑ ክፍያ በጡረታ አይቻልም። መድኑን የገዛነው ለዚሁ ነበር።

፪

ልጆቼ፣ ከመካከል ስለጀመርኩ አትቀየሙኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ደግሞም ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው ከመጀመሪያው አይጀምርም። ቁጥሩን ያስገባሁት እኔው ራሴ መንገድ እንዳይጠፋብኝ ነው።

፫

ጥፋቴን ልናገር። ሃያ ሁለት ዓመት የእድር ዳኛ ነበርኩ። በእድር ደንብ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ያልገባው ይጠይቃል፤ ሁሉም እጁን አውጥቶ «ይጽና» ሲል ይጸናል። ያልተነበበ ደንብ ማንንም አያስርም። እድርተኛ ደግሞ የትም ይሙት የት፣ ድንኳኑ ይከተለዋል።

የመድኑን ደብተር ተቀብዬ ፈረምኩ። ከዚያም የሚነበብበትን ስብሰባ ጠበቅሁ።

አራት ወር።

የጠራኝ የለም።

፬

ከመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ከምሥጋና ጋር በስልክ የተነጋገርነው፤ ደብተሩን የሸጠችልኝ እሷ ናት፦

እኔ፦ ምሥጋና ልጄ፣ የትም ትታከማላችሁ አላልሽኝም?

ምሥጋና፦ ውል ባለን ቦታ ሁሉ ነው ያልኩት፣ አባባ። ሁለት የሐኪም ቤቶች ዝርዝር አለን፤ የእማማ ክሊኒክ ሰማያዊው ላይ ነው ያለው። እርስዎ የወሰዱት ነጩን ነው። ጠይቄዎት «ነጩ ይሻለኛል» አሉኝ እኮ።

እኔ፦ የደብተሩን ልባስ የምታስመርጪኝ መስሎኝ ነዋ!

ምሥጋና፦ እም… ይቅርታ፣ አባባ።

እኔ፦ ሳቅሽ?

ምሥጋና፦ ኧረ አልሳቅሁም።

እኔ፦ ሳቂ ግድ የለም፤ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ነጩ ላይ የዓይን ሐኪም ጠፋ?

ምሥጋና፦ አንድ አለ። አዲስ አበባ።

እኔ፦ እኛ ደሴ ነን!

ምሥጋና፦ አውቃለሁ። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ዝርዝር መቀየር ይቻላል፤ ቅጽ ሞልተው ያምጡ።

እኔ፦ ተባረኪ! ይህን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?

ምሥጋና፦ ግን አባባ፣ የልብ ክትትልዎን የሚያደርጉበት ሆስፒታል ያለው ነጩ ላይ ብቻ ነው።

እኔ፦ ሁለቱንም ስጪን።

ምሥጋና፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዝርዝር ነው። ከሐሙስ በኋላ እስከ ዓመት አይነካም።

፭

ዝርዝር።

በእድር ዝርዝር ሲጠራ አንድ ሰው ከቀረ «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ቤቱ ይኬዳል። የእነዚህ ዝርዝር ግን የቀረውን አይጠይቅም።

፮

መድን ልትገዛ የምትሄድ ልጄ ሆይ፦

ስለ ክፍያው ከመጠየቅህ በፊት የሐኪምህን ስም ጥራ። «አለ» ካሉህ ገጹን አሳዩኝ በል። ገጹን ካሳዩህም አትመን፤ ክሊኒኩ ድረስ ሄደህ «እውነት አላችሁበት?» በል። ደግሞ በቤትህ ያለውን በሽታ ሁሉ ቁጠር። የራስህንም። እኔ የራሴን ረስቼ ነበር።

እና እባክህ፣ ቀለም ካስመረጡህ «የምን ቀለም ነው?» ብለህ ጠይቅ።

፯

ከምሥጋና ቢሮ ቅጹንና ሰማያዊውን ዝርዝር ተቀብዬ ቤት ገባሁና ሁለቱንም ዝርዝር ለየሺ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እና ምኑ ነው ያስጨነቀህ? ነጩ ባለበት ይቆይ። ልብህ ከቆመ ዓይኔ ማንን ሊያይ ነው?»

«ዓይንሽ ከጠፋስ እኔን ማን ያየኛል?»

«ድሮም መልክህ ይህን ያህል አያጓጓም።»

«ልቤ ደህና ነው፣ የሺ።»

«ትናንት ደረጃው ላይ ሦስቴ ቆመሃል። ማየት ነው ያቃተኝ፤ መስማት አላቃተኝም።»

፰

ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ። ስመለስ የሺ እስክሪብቶውን ይዛለች። መስመሩን በጣቷ እየዳበሰች ቅጹን ሞልታዋለች። ለሁለት አጥፋ ሰጠችኝ።

«ጮክ ብለህ አንብበው፤» አለች። «ያን ጊዜ ይጸናል። ደንቡ የራስህ ነው።»

አላነበብኩትም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። የእሷ ወረቀት እንደታጠፈ ኪሴ ውስጥ ነው። ምሥጋና ግን፣ አንዱ ቢበላሽ ብላ፣ ሁለት ቅጽ ነበር የሰጠችኝ፤ ሁለተኛውን አሁን እኔ ልሞላው ነው።

፱

የቤተሰቡ ተጠሪ፦ ተገኔ ወርቅነህ

የመረጡት ዝርዝር፦ ……………………

ይጽና የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።