ለእንግዳ የተነሳው ግንበኛ

ግንበኛውን የሠፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» እያለ ነው የሚጠራው። እሱ የገነባው ግድግዳ ከመስመር ወጥቶ አያውቅማ። ምን ዋጋ አለው ታዲያ! አምና የቆመበት ርብራብ ተሰብሮ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀና ወገቡን ተመታ። አሠሪው አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ ስልክም አላነሳ አለ።

ቤቱ እንዳለ የሚስቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እሷ የሰው ልብስ አጥባ ነው የምታድረው፤ ዝናብ ከዋለ የሚታጠብም የለ፣ የሚበላም የለ። አንድ ደላላ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው የቤት ሠራተኝነት አግኝቼላታለሁ እያለ ደጃቸውን መመላለስ ከጀመረ ሰንብቷል። እናትየዋ «ትንሽ ታገሠኝ» እያለች ቀን ትገፋለች። የቀራት ተስፋ አንድ ነበር፤ ሠርቶ የሚያበላ ሰው ለሌለው ቤት በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ። እሱ ከተገኘ ልጅቷ ትምህርቷን አታቋርጥም። ካልተገኘ ያው ደላላው አለ።

ለድጋፉ ቤት ለቤት እያየ የሚጽፍ መዝጋቢ የሚመጣ ዕለት ጠዋት ባሏን መከረችው።

«ዛሬ እንዳትነሳ። ተኝተህ ጠብቅ።»

«መነሳት ብችል እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አውቅሃለሁ እኮ!»

እውነቷን ነው። ከሁለት ወር ወዲህ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ መቆም ይለማመድ ነበር። እስከ ሠላሳ ይቆጥርና ላብ በላብ ሆኖ ፍራሹ ላይ ይዘረራል። መጀመሪያ የቆመ ቀን ሚስቱ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

መዝጋቢዋ የእናቱ እኩያ የሚሆኑ ሴት ሆነው ቁጭ አሉ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ዳገቱ አድክሟቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ውሃ ልክ እኒህን ሴት ተጋድሞ ሊቀበል? ሚስቱ ዓይኗን ብታፈጥበት መች አያት። ብረቱን ያዘና ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ይባስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ በሞቴ ተቀመጥ!» አሉ ሴትዮዋ።

«ይግቡ እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።»

እሳቸው እስኪቀመጡ አልተቀመጠም።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እያዘኑ ነው የጻፉት። ቅጹ ግን ሰውየው ለምን እንደተነሳ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። መቆም ይችላል? ይችላል። ለሚችል ሰው ደግሞ የተመደበለት ድጋፉ ሳይሆን የመንገድ ሥራ ነው፤ አካፋና ድንጋይ።

ሚስቱ አንድ ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ አሳዘነችው መሰል፣

«እሺ እህቴ፣ ሌላ መዝጋቢ እንልካለን» አላት። «ግን ልብ በይ፤ በየስድስት ወሩ እየመጣን እናያለን። ቆሞ ከተገኘ ይሰረዛል።»

ሁለተኛው መዝጋቢ ጎረምሳ ነው። «እንደምን ዋልክ» ሲለው ውሃ ልክ በአፉ ብቻ መልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረምሳው ብርድ ልብሱን ገለጠና ባቱን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አደረገ። ከዚያ ቅጹ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገ።

«ራሱን ችሎ የሚያደርገው ነገር አለ?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

«ምንም የለም። ያለ እኔ ውሃ እንኳ አይጠጣም» አለች።

ውሸቷን ነው። ያን ዕለት ጠዋት የልጅቷን ፀጉር አበጥሮ የሠራላት እሱ ነበር። ይህን እየሰማ ፊቱን ከግድግዳው አልመለሰም። እሷም ከአፏ ያወጣችውን ቃል መልሳ ብትውጠው በወደደች፤ ግን ጎረምሳው ጽፎ ጨርሷል።

የድጋፉ ካርድ በሳምንቱ መጣ። ደላላው ሲመጣ በሩን ዘጋችበት። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ እየዘለለች ወጣች። እናትየዋ እንደ ሰው ደስ እንዲላት ብዙ ጣረች፤ አልሆነላትም።

ልብስ ልታጥብ ከመውጣቷ በፊት ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ተነስ እንጂ፣ ልደግፍህ። ከተለማመድክ እኮ ሳምንት አለፈህ።»

«ተይኝ።»

«ምነው? አመመህ?»

ውሃ ልክ የመስኮቱን ብረት አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ።

«እኔ ከዳንኩ» አለ በመጨረሻ፣ «ልጄ ሰው ቤት ትገባለች።»

እንደሱ አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች። ግን እንደሱ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ስባ አለበሰችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።