የአቶ ዳኜ ጥቁር አልማዝ

ቤዛብሕ ድንጋዩን ገና እንዳየችው ነበር ያወቀችው። አባቷ አቶ ዳኜ፣ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሸማ የሠሩ ሰው፣ የሽመና ጉድጓዳቸውን ሊያሰፉ ሲቆፍሩ ያገኙትን ጥቁር ድንጋይ በቁራጭ ሸማ ጠቅልለው አመጡላት። "ጥቁር አልማዝ ነው አይደል?" ሲሏት ፊታቸው በራ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ድንጋይና ስለ ምድር የተማረችው፣ አሁንም ይህንኑ የምታስተምረው ልጅ ግን አፏ ተሳሰረ። እስቲ ላጣራው ብላ አለፈችው፤ ወር ሙሉም ዝም አለች።

በዚያ ወር አቶ ዳኜ በጸሎት ቤታቸው መድረክ ላይ ወጥተው መሰከሩ። እግዚአብሔር ከእግራቸው ሥር ሀብት እንዳወጣላቸው፣ ድንጋዩንም ለአዲሱ አዳራሽ ማሠሪያ እንደሚሰጡ በጉባኤው ፊት ቃል ገቡ። ምእመናኑ እልል አሉ። ቤዛብሕም አብራ አጨበጨበች፤ እንዲህ ያለ ፈሪ ምሁር ደግሞ ከየት ይገኛል።

ድንጋዩን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞረድ ይዛ መጣች። አጠገባቸው ተቀምጣ ሞረዱን በድንጋዩ ላይ ሳብ አደረገችው፤ ጫረው። አልማዝን ብረት እንደማይጭረው ነገረቻቸው። ጥቁሩ አልማዝ እንዲህ አያብረቀርቅም፤ ደብዛዛ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላው። የሚገኘው ብራዚልና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ዕድሜውም በቢሊዮን ዓመታት ይቆጠራል። ከምድር ሆድ ነው የወጣው የሚሉ አሉ፤ ከሰማይ ነው የወረደው የሚሉም አሉ፤ አመጣጡን እስካሁን ቁርጡን የሚያውቅ የለም።

"የኔስ?" አሉ አቶ ዳኜ።

"ባልጩት ነው አባዬ። እሳተ ገሞራ የተፋው የቀለጠ ድንጋይ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይሆናል።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

መዋሸት ትችል ነበር። "ያሳዩኝ ዕለት" አለች።

አቶ ዳኜ ድንጋዩን መልሰው ጠቀለሉት። "እኔኮ ዝም ስትዪ ጊዜ ነው ያመንኩት" አሉ ቀስ ብለው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። በሐፍረት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

እሑድ ዕለት አቶ ዳኜ መድረኩ ላይ ወጡ። ድንጋዩ ተራ ባልጩት እንደሆነ ሳይደብቁ ተናገሩና ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቁ። የአንዳንዱ ሰው ዐይን ወደ ምሁሯ ልጃቸው ዞረ። እሳቸውም ይህን አዩ።

"ልጄ ያኔውኑ ነግራኝ ነበር" አሉ። "አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ።"

አባቷ በዚያ መድረክ ላይ ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም። ቤዛብሕ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ወደ መድረኩም ወጥታ ማይክራፎኑን ከእጃቸው ተቀበለች።