ያልታከሙት ሴሎች

ተመራማሪዋን መጀመሪያ የከነከናት የሴሎቹ ጨዋነት ነበር። ሥራዋ የአጥንት ሴሎችን በትንንሽ ሳህኖች ማሳደግ፣ ብግነት የሚቀሰቅስ ነገር ጨምራ ማስቆጣት፣ ከዚያም ግማሾቹን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ በአልትራሳውንድ፣ ማከም ነው። የታከሙት ቢበርዱ ደስ ይላታል። ያልታከሙት ግን እንደተቆጡ መቆየት ነበረባቸው፤ አለዚያ ድምፁ መሥራቱ በምን ይታወቃል? እነሱም በረዱ። ደገመችው። አሁንም በረዱ።

ሳህኖቹን ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ የሚደረድረው ዋርሳዋ ነበር፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዘመድ ሁሉ «ቀልቃላው» የሚለው። ያስቀጠረችውም እሷው ናት። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ሲያመለክት ድጋፏን ጠይቋት፣ ገና አልበሰልክም ብላ መልሳዋለች። ያኔ ስቆ አለፈው። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ባላት ቁጥር ሆዷ ይሻክር ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር ተስቆ ይታለፋል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ትከታተለው ገባች። ገንዳው ክፍል ሲገባ ሰበብ ፈልጋ ትከተለዋለች። ስልክ እያወራ ብቅ ስትል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወይም ዝቅ ያደረገ ይመስላታል። ሳህኖቹን አቀያይሮባት ይሆን እያለች ከሥራቸው ምልክት አደረገች። ምልክቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህም አላስደሰታት፤ ብልህ ቢሆን ነው አለች። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገብታ፣ ስም ሳትጠራ፣ በሥራዬ ላይ የሰው እጅ አለበት አለችው። ገንዳው ክፍል ከሁለቱ በቀር የሚገባ ስለሌለ ስም መጥራትም አላስፈለገም። በነጋታው የዋርሳዋ ቁልፍ ተወሰደ።

እሑድ አማቷ ቤት ምሳ ላይ ቀልቃላው ቀልድ አልወጣውም። አማቷ፣ ልጄን ምን ነካው ብላ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች።

በሚቀጥለው ሙከራ ተመራማሪዋ ሁሉንም በገዛ እጇ ሠራች። ያልታከሙት ሴሎች በረዱ።

ክው አለች። ማንን ትጠርጥር? መሣሪያውን አብርታ ገንዳውን አፍጥጣ ስታይ፣ ድምፁ ከሚወጣበት ርቆ፣ ያልታከሙት ሳህኖች ባሉበት ጥግ፣ ውሃው ላይ የሰፈፈው ብናኝ ይንቀጠቀጥ ነበር። መለኪያ አስገባች። ድምፁ በውሃው ተጉዞ፣ ከግድግዳው እየነጠረ፣ እነዚያንም ሲያክማቸው ኖሯል። ሙቀቱ እኩል ይሁን ብላ ሁሉንም በአንድ ገንዳ ያደረገችው ራሷ ነበረች።

ኃላፊው ዘንድ ገብታ የሆነውን ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያ ወደ አማቷ ቤት ሄደች። ዋርሳዋ በር ላይ ቁጭ ብሎ የእናቱን ወንበር እግር ይጠግናል። ከገንዳው እስከ ቁልፉ ነገረችው። መዶሻውን አላስቀመጠም።

«መጠርጠርሽ አይደለም የከፋኝ» አላት። «ሴሎቹን ደጋግመሽ ጠየቅሻቸው። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

«ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ገንዳው ሁለት ሆነ። ያልታከሙት እንደተቆጡ ቀሩ፤ የታከሙት ቁጣቸው ጋብ አለ። የለፋችበት ነገር ፍሬ ይዟልና ደስ አላት። ዋርሳዋም ቁልፉ ተመልሶለት ሥራ ገባ፤ ከእሷ ጋር ሆድና ጀርባ አልሆኑም፤ ቀልዱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ነገር ግን ሳህን ሊደረድር ሲል ሁሌ ይጠራታል።

«ነይ ቁሚልኝ» ይላታል። «ምስክር ይኑረኝ።»

የያዘችውን ሥራ ትታ ትመጣለች። እሱ ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያሳያት ያስቀምጣል፤ እሷም የት ልመልከት እያለች ትቆማለች።