ቦታዋን ያዙላት

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ አውቶብስ?»

ትልቋ አክስት በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ገላመጠችው። እውነቷን ነው። ወንበሮቹን የደረደሩት የሟቿ የሥራ ባልደረቦች፣ ሾፌሮቹ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት አደራደር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሁለት አድርገው፣ መሐል ለመሐል መተላለፊያ ትተው፣ ሁሉንም ፊቱን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረው ቁጭ አሉ። መሪ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የሟቿ ፎቶ ተቀምጧል። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ያነባል። ቅድም እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ሊሄዱ ሲነሱ «ወራጅ አለ!» ብለው ቤቱን በሙሉ በለቅሶ መሐል አስቀውታል።

«ይሄስ ጃኬት እዚህ ምን ይሠራል?» አለች አክስት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ባለው ወንበር፣ የሟቿ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ተቀምጧል።

«ተይዟል» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ።

«ለማን?»

«ለሚመጣ ሰው።»

አክስት ጃኬቱን ትታ አለፈች። ከዚህች ልጅ ጋር ክርክር መጀመር ቀላል ነው፤ መጨረሱ ነው ጣጣው። የሟቿ አንድያ ልጅ ናት። ሚስማር ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ራሷ ናት፤ «ቀጭን ናት፣ ግን የተቀመጠባት ሁሉ ብድግ ይላል» ብላ። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ከክፍል ያስወጣት ቀን በር ላይ ዞር ብላ ተማሪውን በሙሉ «አልወርድም!» አሰኝታዋለች። አስተማሪውም አብሮ ሊል ትንሽ ነው የቀረው።

ምክንያቱም «አልወርድም» የሚለውን ዘፈን የማያውቅ የለም። ሟቿ፣ ያቺ አውቶብስ ነጂ፣ በሕይወቷ የሠራችው ዘፈን አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ግን ለሌላው ሁሉ ተረፈ። ጊታሩ እንደ ተበላሸ ፍሬን የሚያፏጭ፣ ድራሙ ሆድ የሚያንቀረቅብ፣ ድምፅዋ ጉሮሮ የሚያሳክክ የሮክ ዘፈን። ሬዲዮ ጣቢያው መጀመሪያ «ጩኸት አናስተላልፍም» ብሎ መለሰው። ሾፌሮቹ ግን በካሴት እያባዙ በየአውቶብሱ ከፈቱት፤ ከተማው ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም እሱን ሰማ። ቤታቸው ሊፈርስባቸው የነበሩ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዘፈኑት። ቡድናቸው ከሊጉ ሊሰናበት አንድ ጨዋታ የቀረው ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ ዘፈኑት (ወረዱ፤ ግን እየዘፈኑ ወረዱ)። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ጣቢያው «የምንወደውን ዘፈን ጋብዘናችኋል» እያለ ያስተላልፈው ጀመር። ዐይን ሲያወጡ እንዲህ ነው።

በአገሩ ሁሉ ዘፈኑ የማይነሳበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ትልቋ አክስት ባለችበት።

«ስሚኝ» አለቻት ሚስማርን፣ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች። «ለቅሶው ነገ ይነሳል። ከዚያ ዕቃሽን ይዘሽ እኔ ቤት ትገቢያለሽ። እህቴ በጨዋ ደንብ ትሸኛለች። ያ ጩኸት እዚህ ቤት ከተሰማ ግን እኔ ከዚህ በር ወጣሁ ማለት ነው። ዳግመኛም አታዪኝም።»

«ለቅሶ ቤት ካልተጮኸ የት ሊጮህ ነው እትዬ?»

«አፍሽን!»

ሚስማር የታጠበውን ብርጭቆ ተቀብላ ማድረቅ ጀመረች። አክስቷ የቀረቻት ብቸኛ ዘመድ ናት። ብትሄድባት ማንም የላትም። ይህን ላለማሰብ ብርጭቆውን እስኪጮህ ፈተገችው። ሲጮህ ደስ አላት።

አክስት ዘፈኑን ለምን እንደምትሸሸው ሚስማር ታውቃለች። እናቷ ነግራታለች፣ አንድ ቀን ከሰዓት የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲጠብቁ።

እናቷ መሪ ከያዘች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። አንድ ባለ ቦርሳ ሰውዬ ገብቶ አያት፤ ዞር ብሎም ለተሳፋሪው «ሴት በምትነዳው መኪና ልትሞቱ ነው?» አለ። ከዚያ ወደ እሷ፣ «ውረጂ። ሌላ ሾፌር ይምጣ።» ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችና «አልወርድም» አለች። በቃ፣ ይችው ናት። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ረፈደብን እያለ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር፣ ታላቅ እህቷ ተቀምጣ ነበር። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የእህቷን ሾፌርነት ልታይ የመጣች እህት። ሰዉ «ዘመዷ ናት» እያለ ሲጠቋቆምባት አቀርቅራ ተነሳች። ወረደች። እናትየው በመስታወቱ አየቻት።

«ዘፈኑ ላይ 'እህቴ ወረደች' የምትዪው እትዬን ነዋ!» አለች ሚስማር ያኔ።

«ሌላ እህት አለኝ እንዴ?»

«ሰደብሻት እኮ!»

«ምኑ ነው ስድቡ? ከሱ በኋላ ያለውን አትሰሚም?»

«እኔማ እሰማለሁ። እሷስ?»

እናቷ መሪውን በአውራ ጣቷ መታ መታ አደረገች። «እሷ እዚያ ላይ ስትደርስ ሬዲዮውን ትዘጋዋለች። ከአውቶብስም ትወርዳለች። ከሠርግ ቤት ወጥታም ታውቃለች። ያንን ቃል እንጂ ቀጥሎ ያለውን ሰምታው አታውቅም።»

«ለምን አትነግሪያትም?»

«ዘፈኑ ይንገራት ብዬ ነበር የዘፈንኩት» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

ብርጭቆው ደርቆ አልቋል፤ ሚስማር አሁንም ትፈትገዋለች። ዘፈኑ አሁን ካልነገራት መቼ ሊነግራት ነው?

ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ በያጁን አገኘችው። በያጁ በአውቶብስ ጋራዡ ብረት የሚበይድ ሽማግሌ ነው፤ ለቅሶውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተመላለሰ፣ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ታሪክ እያወራ ነው የሰነበተው። አሁንም ሁለት የጎረቤት ሴቶችን ይዟል።

«ዘፈኑን ያቀናበርኩት እኮ እኔ ነኝ» ይላል።

«እርስዎ ደግሞ! ጊታር ይነካሉ እንዴ?»

«ጊታር አልነካም። መብራት ነው የነካሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቿና የባንዱ ልጆች ዘፈኑን የሚቀዱት ጋራዡ ውስጥ ነበር፣ በምሳ ሰዓት ሞተሮቹ ጸጥ ሲሉ። የጊታሩ ማጉያ የተሰካው የበያጁ ማሽን በተሰካበት መስመር ላይ ነው። ዘፈኑ እየጦፈ ሄዶ «ሰው ሁሉ ወረደ፣ እህቴ ወረደች» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ በያጁ ምሳውን ቶሎ ጨርሶ መጣና ማሽኑን ለኮሰው። መብራቱ ዝቅ አለ። ጊታሩ እንደታመመ በሬ ቃተተና ዝም አለ። ድራም መቺው ግራ ገብቶት እጁን አየር ላይ አቆመ። እሷ ግን አላቆመችም። ባዶው ጋራዥ ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ቀጣዩን ስንኝ ጮኸችው። እሱን ጨርሳ «አልወርድም!» ስትል መብራቱ ተመለሰና ጊታሩ ከኋላ እንደተገፋ ሰው ዘሎ ገባ።

«ደግመን እንቅዳው አሉ ልጆቹ» አለ በያጁ። «እሷ ምን አለች? 'ተዉት። ያን ቀንም የሆነው እንዲህ ነው።' ይኸው ዛሬ ስንት ባንድ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ጊታሩን ዝም ያሰኛል! የኔ ምሳ ነው እንግዲህ።»

ሚስማር እጅጌውን ጎተተች። «ጋሼ፣ ጊታር መቺው ነገ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ጊታሩን ይዞ ይምጣ። ማጉያውንም።»

በያጁ ወደ ኩሽናው መስኮት አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። «እሷስ?»

«ለሷ ነው።»

በነጋታው ቤቱ ሞልቶ ነበር። የድሮው ጊታር መቺ አሁን የሂሳብ አስተማሪ ሆኗል። ወገቡን ይነካ ነበር ከተባለለት ፀጉሩ የቀረው ከጆሮው በላይ ያለው ብቻ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛ። ሰው ይንሾካሾካል። «ሊጫወቱት ነው እንዴ?» «ኧረ እህትየው ትገድላቸዋለች!» «ልጅቱን እያት፣ ቁርጥ እናቷን።» ሚስማር ከፊት፣ ፎቶው አጠገብ ቆማለች።

የጊታሩ የመጀመሪያ ምት ሲመታ የመስኮቱ መስታወት ተንጫረረ። ትልቋ አክስት ከኩሽና እጇን በመሐረብ እየጠረገች ወጣች።

«ማነው የፈቀደው?»

«እኔ» አለች ሚስማር።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«እወጣለሁ ብለሽኛል። ውጪ እትዬ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰምተሽ ውጪ።»

አክስት ቦርሳዋን ከመስቀያው አወረደች። ሚስማር ዐይኗን ጨፍና ጀመረች። ድምፅዋ በለቅሶ የሻከረ ነው፤ ለሮክ ግን ልክ ነው።

«ቁልፉ ከኪሴ ነው፣ እግሬ ከፍሬኑ፣
ማን ያወርደኛል ከዚህ ከወንበሩ?»

ሾፌሮቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ ይመቱ ጀመር፤ ሁሉም በቀኝ እግር፣ ፍሬን በሚረግጡበት። ቤቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለ። አክስት መተላለፊያውን በፍጥነት አቋርጣ በሩ ጋ ደረሰች። በሩ ጎን የመብራት ቆጣሪው አለ። እጇን ቆጣሪው ማጥፊያ ላይ አደረገች።

«ሰው ሁሉ ወረደ፣ እህቴ ወረደች...»

ቀጭ!

ጊታሩ ቃትቶ ሞተ። መብራቱ ጠፋ። እግሮቹም ቆሙ። ሚስማር አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ቀጣዩ ስንኝ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ እንባ ቀደመው። አለቀ፣ አለች በልቧ። እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ዘጋችው።

ግን እኮ ጊታሩ እዚያ ቦታ ላይ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ከአክስት በስተቀር ሁሉም ያውቃል። ስንት ዓመት ለምደውታል። ሾፌሩ፣ ጎረቤቱ፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ «ወራጅ አለ» ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ጉሮሮ ጮኹት፤

«ቦታዋን ያዙላት፣ ትመለሳለች! አልወርድም!»

መብራቱን የሚያበራው ጠፋ፤ ጊታሩም ዘሎ አልገባም።

የአክስት እጅ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቀረ። አጠገቧ የቆመው በያጁ ነበር።

«ምንድነው ያሉት?»

«ዘፈኑ ነዋ።»

«ዛሬ ነው የጨመሩት?»

«ምን ይጨምራሉ? ድሮም ነበረ። እሷ መብራት ጠፍቶባት ብቻዋን የጮኸችው እሱን ነው።» በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ እርስዎ ቀደሙኝ።»

«ትመለሳለች... ነው ያለችው?»

«አዎ።»

አክስት በሩን አየች። ክፍት ነው። ቦርሳዋ ክንዷ ላይ ነው። ከዚያ ዞር ብላ ረድፎቹን አየች። ማንም ወደኋላ አልዞረም፤ ሁሉም እንደ ተሳፋሪ ወደፊት ያያል። ፎቶው ውስጥ ያለችው ደግሞ መሪ ላይ ሆና በመስታወት የምታይ ትመስላለች። ሚስማር እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ቦታዋ፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተመልሳ ተቀምጣለች።

አክስት በመተላለፊያው ቀስ ብላ መጣች። ጃኬቱ ያለበት ወንበር ጋ ስትደርስ ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ሚስማር የምትለው ነገር አፏ ላይ ሞልቶ ነበር፤ እሷ መቼ አጥታ ታውቃለች! አንዱንም አላወጣችውም። ጃኬቱን አንስታ እቅፏ ውስጥ አደረገችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።