ስሙ ሳይጠራ «አለሁ» የሚለው ሰው

«ሳቂ እንጂ፣ ለምን ታፍኚዋለሽ?» አለቻት ውቢትን የጸሎት ቤት ጓደኛዋ ሀኒ፣ የራሷን ሳቅ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። ከሳሉጎቹ፣ ማለት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች አንዱ፣ የሟቹን ቀልድ እያወራ ነበር። ታደገ እርሻ ላይ ሲሰብክ ድንጋይ ቢወረውሩበት፣ «ክንዳችሁ ደክሟል፣ አረፍ ብላችሁ ሞክሩ» ብሏቸው ነበር አሉ።

ውቢት አልሳቀችም፤ ዓይኗ መንገድ መንገዱን ያያል። ባሏ ወንጌላዊ ታደገ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሸራው ጥላ ሥር የተቀመጡት ጥቂት ምእመናንና ሳሉጎቹ ብቻ ናቸው። ከሚኖሩባት ከኮኪት ከተማ ጎረቤቶቿ አንድም ሰው ዝር አላለም። ሞቱንስ እሺ፤ ጎረቤት ያላለቀሰለት ሆኖ መቅረቱን ግን እንዴት ትቻለው?

ሃይማኖት ለወጥህ ብሎ እድሩ ከሠረዘው ቆይቷል። ጣራቸው ላይ ድንጋይ ወርዷል፣ ወፍጮ ቤት ተራ ተነፍገዋል። እሱ ግን ምን ቆርጦት ይቀራል! ሰው በሞተ ቁጥር ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ፣ በዚያ ሐሩር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ያቀርብ ነበር። ከቀብር መልስ የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም ይጠራል፤ ቀሪ ይቀጣላ። ጥሪው ሲያበቃ ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦

«ታደገም አለሁ።»

የእድሩ ዳኛ አያ ማተቤ ይቆጣሉ። «አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?»

«ምናልባት ረስተውኝ እንደሆን ብዬ ነው፣ አያ።»

ሰዉ ሳቁን መዋጥ ያቅተዋል። በሚቀጥለውም ቀብር ያው ነው።

አሁን ውቢት መንገዱን እያየች ሳለ የአህያ ጋሪ ደጃፏ ቆመ። የእድሩን ድንኳን ጭኗል። ከኋላው አያ ማተቤ፣ ከእሳቸው ኋላ ሰፈሩ በሙሉ።

«ትናንት መምጣት ነበረብን፤ ስንጨቃጨቅ ዋልን» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ብለው ሊያዩዋት እያፈሩ። «ድንኳን ለአባል ብቻ ነው ተባለ። ታዲያ ከአባላቱ መካከል ከቀብር ቀርቶ የማያውቅ ቢፈለግ ጠፋ። እኔም ቀርቻለሁ። ያልቀረው አንድ እሱ ነው። እሱን ሠርዘን በምን አፋችን ሌላውን እንቀጣለን?»

«ይግቡ፣ አያ» አለች ውቢት። 

ድንኳኑ ተተክሎ አፍታም ሳይቆይ ሞላ። ሁሉም የየራሱን የታደገ ቀልድ አመጣ፤ አያ ማተቤ እንኳ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ውቢትም ሳቀች። ደስ አላት፣ እውነትም ደስ አላት።

ባለወፍጮዋ ውባንች ብቻ በሩ ላይ ቆማለች። ወፍጮ ቤት ተራ የነሣቻቸው እሷ ናት። መግባቱም መመለሱም ጨንቋታል።

ውቢት ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ» አለቻት። «ነይና አብረሽኝ አልቅሽለት።»