በቀይ የተጻፈው የጣውላ ስም

«እማ፣ ምን ይላል?» አለችኝ ልጄ።

ጎረቤታችን አናጺው ሠርቶ የሰጣትን፣ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ባለጎማ ጣውላ ገልብጣ፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈውን እያሳየችኝ ነበር። ያኔ ማንበብ አልችልም። በምሠራበት የክር ፋብሪካ ግን በቀይ የተጻፈ ሁሉ «አትንኩ» ነው።

«አደጋ አለው ይላል» አልኳትና ጣውላውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። እጇ ቢሰበርስ?

አክስቷ መጥታ አነበበችው። «ሩልታቡሎ ነው የሚለው። አደጋውን ከየት አመጣሽው?» ብላ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ወዲህ ልጄ እኔን መጠየቅ ተወች። ደብተሯን ይዛ ወደ አክስቷ ነው። እኔም የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ።

በክፍላችን ተራው የደረሰ ሰው ከቤቱ አንድ ቃል አምጥቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ያስረዳል። ተራዬ ሲደርስ ቃሉን የጻፈውን አናጺ ስለ ትርጉሙ ጠያይቄ፣ ልጄንም አስከትዬ ሄድኩ። «ሩልታቡሎ» ብዬ ጻፍኩ።

ክፍሉን የሚመራው አስተባባሪ ፊቱን አጨማደደ። «እትዬ፣ ይሄ የኛ ቃል አይደለም።»

«የኤስፔራንቶ ነው» አልኩ። «ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች እንዲግባቡበት አንድ ሰው የፈጠረው ነው።»

«አገር የሌለው ቃል ምን ያደርግልሻል? የሚጠቅምሽን ጻፊ፤ ሳሙና በይ።»

«ሳሙናን እኔ ጽፌዋለሁ፤ አልቋል» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ አጣቢ ተማሪ። ክፍሉ ሳቀ።

አስተባባሪው አልሳቀም። ዳስተሩን ዘረጋልኝ። «አጥፊው። አለዚያ ውጪ።»

ልጄ ታየኛለች። ዳስተሩን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሩል መሽከርከር ነው» አልኩ። «ታቡሎ ጣውላ ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ የሚሽከረከር ጣውላ። ታቡሎ የመጣው ታቡላ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። አናጺው እንዳለኝ፣ የኛም ጣውላ ከዚያው ከታቡላ ተነሥቶ፣ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ ነው የደረሰን። ታዲያ ጣውላንም ላጥፋ?»

«ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ።»

«ይምሩ። እኔ ግን አላጠፋም፤ አልወጣምም።»

ልጄ እጇን አወጣች። «እማ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ‹ኦ›ስ ምንድን ነው?»

እኔን ነው የጠየቀችው። «የነገር ስም መሆኑን የሚያሳይ ነው» አልኳት።

አስተባባሪው ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሁለት ተማሪዎችም ተከተሉት። እኔ፣ ልጄ፣ አጣቢዋና የቀሩት ተማሪዎች ቃሉን ወደ ደብተራችን እየገለበጥን ቀረን።