የጋሽ ኮርሳ ጉርሻ

የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቿ ትሩፋትን «አንገቷን የደፋች ልጅ» ይሏታል። ሙገሳ መሆኑ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አንገቷን የደፋችው ጨዋ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቀና ማድረግ ስላቃታት ነው። አምስተኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አፍ ላይ ተደፍታ ከርማለች። የላይኛው የመንጋጋ ጥርስ በመስታወት እየታየ እንደሚሠራ ስንት ጊዜ ተነግሯታል፤ እሷ ግን በዓይኔ በብረቱ ካላየሁ አላምንም ባይ ናት። እንዲህ ተጣማ ትውልና ወደ ቤቷ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ዞር ብላ «ወራጅ አለ» ማለት እንኳ መከራዋ ነው።

መጀመሪያ አንገቷ ደረቀ። ቀጥሎ ትከሻዋ። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ያለው የመንጋጋዋ መጋጠሚያ አፏን በከፈተች ቁጥር ቀጭ ይል ጀመር። ትሩፋት ምን አደረገች? ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። መንጋጋ ለታመመ ሰው ጥርስ መንከስ ደግሞ ዋናው መርዝ ነው፤ ይኼን ለታካሚዎቿ የምትመክረው ራሷ ናት። ከጥቅምት ወዲህ አፏ ሁለት ጣት አያስገባም።

ለማን ትናገር? የክሊኒክ አስተማሪያቸው ዶክተር ገሠሠ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ገና ተማሪ ሆኖ አንገቱን ያመመው ካለ፣ ሳይመሽበት ሌላ ሙያ ይፈልግ» ብለው ነበር። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቀልድ ይሁን ምክር የጠየቀ የለም። ትሩፋት ግን ያቺን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች። ደሴ ያሉት እናቷ ከአሁኑ «ዶክተሯ» ነው የሚሏት። ሳልመረቅ መንጋጋዬ አባረረኝ ልትላቸው ነው?

በዚህ ከተማ አንድ ሰው ነበረቻት፣ ሊሊ። ሊሊ የለቡ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ኮርሳ ዛሬ ሕንፃ የበቀለበትን መሬት ጤፍ ሲዘሩበት የኖሩ ገበሬ ናቸው። ጎፋ ባለው ኮሌጃቸው የሁለቱ የሥራ ወንበር ጎን ለጎን ነበር። ትሩፋት መጉበጥ ስትጀምር ሊሊ በክርኗ ጎኗን ጎሸም ታደርጋታለች። በክርን የሆነው ጓንት ባጠለቀ እጅ ከታካሚው ሌላ ሰው መንካት ስለማይፈቀድ ነው። «ቀና በይ፣ እመቤት» ትላታለች። በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን አትሰለችም።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ የሊሊ ወንድም ልጁን ክርስትና አስነሣ። ትሩፋትም ለቡ መብራት ኃይል ጀርባ ካለው ቤታቸው ተጠራች። የዚያን ዕለት ጠዋት መንጋጋዋ ጨርሶ ተቆልፎ ነበር፤ መቅረት ነበረባት፤ ይሉኝታ ይዟት ሄደች። ከትሪው ጥግ ጥጉን በጥፍር የምታህል እየቆረሰች በጥርሶቿ መሃል ስታሾልክ ጋሽ ኮርሳ አዩዋት። የሸመገሉት ሰውዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው መጡ።

«እንቺ ልጄ፣ የሊሊ እህት።»

ትሩፋት አፏን በመዳፏ ከልላ ፊቷን አዞረች። «በቃኝ ጋሼ» አለች በተዘጋ ጥርሷ።

«በሞቴ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«አፈር ስሆን!»

እንግዲህ ሽማግሌ አፈር ስሆን ብሎ እጁን ዘርግቶ ቆሞ፣ ማን እምቢ ይላል? ትሩፋት እምቢ አለች። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያንን የተሰነጣጠቀ የገበሬ እጅ ያያል። ጋሽ ኮርሳ ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡና «ተዉአት፣ የከተማ ልጅ ናት» ብለው ሳቁ። ሳቁ የውሸት መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ሊሊ እስከ ታክሲው ሸኘቻት።

«ያለ ጓንት ስለሆነ ነው የአባቴ እጅ የቀፈፈሽ?» አለቻት። «ሌላ ነገር ከሆነ ንገሪኝ።»

አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው ማለት ስንት ቃል ነው? ግን ሊሊን ታውቃታለች፤ ብትነግራት በነጋታው እጇን ይዛ ዶክተር ገሠሠ ቢሮ ነው የምታስገባት። ፈራችና ዝም አለች። ሊሊም ዝምታውን እንደ አዎ ቆጠረችው።

ከዚያ ወዲያ ሊሊ ወንበር ቀየረች። ትሩፋት ሁለት ወር ሙሉ ስትጎብጥ ዋለች፤ የሚጎሽማት የለም። ቀኑን ሙሉ «አፍዎን ይክፈቱ» ስትል ትውልና ጀሞ ስትገባ ዳቦ ሻይ ውስጥ አርሳ በማንኪያ ትበላለች። እናቷ ሲደውሉ «ድምፅሽ ምነው ታፈነ?» ይሏታል፤ «ኔትወርኩ ነው» ትላቸዋለች። «ሊሊዬ» ብላ ትጽፍና ታጠፋለች፤ እንደገና ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ተደጋግፈው ሲሳሳቁ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ብቻዋን ነበረች። ሙያው ቢቀር ይቀራል የምትልበት ቀን መጣ፤ ሊሊን ማጣት ግን አልቻለችም። አንዴ ብቻ ብትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ እያለች ለራሷ ትምላለች።

ጥር ላይ የመንጋጋ መጋጠሚያ ምርመራ ልምምድ ደረሰ። ተማሪ ተማሪን ይመረምራል፣ ያየውን ቅጽ ላይ ይሞላል። ዶክተር ገሠሠ ስለ ጠቡ የሰሙት ነገር የለም።

«ሊሊ፣ ትሩፋትን ያዥ። እናንተ ድሮም አትለያዩም።»

ትሩፋት ወንበሩ ላይ ተጋደመች። የሊሊ ፊት በጭምብል ተሸፍኗል፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ጣቶቿን ከትሩፋት ጆሮዎች ፊት ለፊት አሳረፈች።

«ክፈቺ።»

ቀጭ አለ። የሊሊ ጣቶች ባሉበት ቀሩ።

«ጨምሪ።»

«ይኸው ነው» አለች ትሩፋት።

ሊሊ ማስመሪያዋን በትሩፋት ጥርሶች መሃል አስገብታ ለካች። ሃያ አራት ሚሊ ሜትር። ጤነኛ ሰው አርባና ከዚያ በላይ ይከፍታል። ደግማ ለካች፤ ያው ሃያ አራት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

ሊሊ ወራቱን ወደ ኋላ አሰላች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ክርስትናው ቀንም?»

ትሩፋት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ንገሪኝ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ለዶክተር ትነግሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አጉርሶ አያውቅም» አለች ሊሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የልጅ ልጁን እንኳ። እጁን እያገላበጠ ያያል። አንቺ ደግሞ ከማውቅብሽ ብጠላሽ መረጥሽ።»

ይኼኔ ነበር ይቅርታ ማለት። ትሩፋት ሁለት ወር ሙሉ ያጠናችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን ዶክተር ገሠሠ ከሁለት ወንበር ወዲያ ቅጽ እየሰበሰቡ ሲመጡ አየቻቸውና የወጣው ሌላ ቃል ሆነ።

«ሊሊዬ፣ አርባ ብለሽ ጻፊው።»

ሊሊ እስክሪብቶዋን አነሣች። አርባ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም «ደህና ነው» ብላ ጨመረች።

«ጨርሰናል፤ መነሣት ይችላሉ» አለቻት፣ ታካሚን እንደምታናግረው በእርስዎ። ጓንቷን አውልቃ ጣለችና እኔን ሌላ ሰው ይመርምረኝ ብላ ወደ ወዲያኛው ረድፍ ሄደች።

ዶክተር ገሠሠ ቅጹን አንሥተው አዩት፤ ፈረሙበት። «ጤነኛ ነሽ» ብለዋት አለፉ።

ትሩፋት ወንበሩ ላይ እንደተጋደመች ቀረች። የለመነችው ሁሉ ሆኖላታል። እሷ ግን ሊሊ እንደ ድሮው ጎሸም አድርጋ እምቢ ትለኛለች ብላ ነበር።